ጋሼ ያለው ግመል ሲያስጠቁ

በየሰፈሩ አንድ ሁሉን ዐዋቂ አለ። ሹመቱን ከመንግሥት ያገኘው እንዳይመስላችሁ፤ ራሱን በራሱ ነው የሚሾም። የመካነ ሰላም ሰፈራችን ተሿሚ ክቡር ጋሼ ያለው ነበሩ። ዝናብ ቢጥል፣ ዝናብ ቢቀር፣ በቅሎ እንኳ ብትወልድ፣ «እኔም ያልሁት ይኸንኑ ነው!» ይላሉ።

በ1965ቱ ድርቅ ዘይነባ የምትባል ሴት ባሏን ቀብራ፣ ግመሎቿ አልቀውባት፣ የተረፈቻትን አንዲት ግመል እየጎተተች ከባቲ ቆላ መጣችና ጓሯችን አረፈች። ግመሊቱ ወተቷ ነጥፏል። ካረገዘች ነገ ወተት አለ፤ ካላረገዘች ታርዳ ትበላለች፣ ዘይነባም ባዶ እጇን ትቀራለች።

ጋሼ ያለው ወዲያው የግመል ሐኪም ሆኑ። በየማለዳው ከኋላዋ ቆመው ጭራዋን ይመረምራሉ። ጀብሪል የሚባል የጨው ነጋዴ አውራ ግመል ይዞ ሲያልፍ ዘይነባ ግመሌን አስጠቃልኝ፣ ታርግዝልኝ ብላ ብትለምነው፣ እሳቸው መሀል ገቡ።

«ገና ናት! ላም ኮርማ ስትፈልግ እምቧ ትላለች። ይቺ መቼ ጮኸች?»

ጀብሪል ሙግቱ ሲሰለቸው የአጅባርን መንገድ ያዘ። ዘይነባ አለቀሰች።

«ጋሼ፣ ግመል እኮ ላም አይደለችም። አውራው ካልደረሰባት ማሕፀኗ አይነቃም። ዓመት ቢጠብቋት ያው ናት።»

ጋሼ ያለው ጢማቸውን አሻሹ። «ወላሂ፣ እኔም ያልሁት ይኸንኑ ነው! አብሽሪ!» አሉ በእሷው በእስላሞቹ አነጋገር፤ ከዚያም ሮጡ። አረፋ የሚደፍቀውን አውራ ከነጌታው መልሰው መጡ። ኋላ የእንስሳት ሐኪም ሲያስረዳ እንደሰማሁት፣ በአውራው ዘር ያለው ንጥረ ነገር የእንስቷን አንጎል ይቀሰቅሳል፤ አንጎሏ ሆርሞን ይለቃል፤ እንቁላሏም የሚወርደው ያኔ ነው። ጋሼ ያለው ይህን ቢሰሙ ምን እንደሚሉ ታውቃላችሁ።

ግመሊቱ ዓመት አልፏት፣ ንጉሡ ወረዱ በተባለ ሰሞን ወለደች። እኔ ያኔ ረሃብ ያደቀቀኝ፣ ቆሜ መሄድ ያቃተኝ ሴት ልጅ ነበርሁ። ዘይነባ ወተቱን በጮጮ ሞልታ አመጣችልኝ። እናቴ ንግሥቴ ግን አልቀበልም አለች፤ በእኛ በክርስቲያኖቹ ዘንድ የግመል ወተት የቀመሰ ሃይማኖቱን እንደ ለወጠ ይቆጠራል።

«በሃይማኖቷ ትሙት» አለች እያነባች።

ከቅዳሴ ቀርተው የማያውቁት ጋሼ ያለው ጮጮውን ተቀበሉና ጎረቤቱ ሁሉ እያየ ተጎነጩ።

«ንግሥቴ፣ ኃጢአቱን እኔ ጠጥቼዋለሁ። ለልጂቱ የቀረላት ወተቱ ብቻ ነው።»

የንስሐ አባታቸው ከባድ ቀኖና ጣሉባቸው፤ ሲሰግዱ ከረሙ። ጋሼ፣ ነፍስዎን ይማር። እርስዎ ሲሰግዱ እኔ ቆሜ ሄድሁ።