የፒካፓችን ዳሽቦርድ የጨለመ ሰሞን

ጋቢና ውስጥ እጁን አጣምሮ የሚቀመጥ ሰው ይገርመኛል። እኔ እቴ! እጄ ሥራ ሲፈታ ያሳክከኛል። ወይ አቧራ እጠርጋለሁ፣ ወይ የላላ ነገር አጠብቃለሁ። ጣጣዬም ከዚሁ ነው የመጣው።

በጃንሆይ ዘመን ነው። ባሌ ሲሞት አንዲት አሮጌ ፒካፕ ትቶልኝ ሄደ። በሷ ከአለማያ ድንችና ጎመን እየጫንኩ ቀፊራ ገበያ አራግፍ ነበር። እናቴ ለማለት አዴ የሚለኝ ሾፌሬ አብዲ ምላሱ እንደኔው ስለታም ነው፤ መሪ ሲይዝ ግን እሱን የሚያህል ድሬዳዋ አላበቀለችም። የፒካፗ በር በእኔ በኩል ከውስጥ አይከፈትም። ስለዚህ አብዲ ቀድሞ ይወርዳል፣ እኔ በሱ በኩል ተንፏቅቄ እወርዳለሁ። ይቺን ያዙልኝ።

ሙቀቱን ሽሽት ጎህ ሳይቀድ ነበር የምንነሳው። አንድ ቀን የዳሽቦርዱ መብራት የለም! የፊቱ ቦግ ብሎ ይበራል፤ የቤንዚኑና የሙቀቱ መለኪያ ግን ድቅድቅ ጨለማ። ደንገጎን የሚያህል ዳገት እንዴት ይወጣል? ሞተሩ ቢፈላ በምን ይታወቃል? አብዲ ክብሪት እየጫረ ያያል፤ እኔ ጢሙ ተቃጠለ እያልኩ እቁነጠነጣለሁ።

ዕድሜውን ባቡር ሲጠግን ለኖረ ጎረቤቴ አሳየሁት። ፊውዙን አየ፤ ደህና ነው አለ። አምፖሎቹን አወጣ፤ ደህና። ሽቦውን ጎተተ፤ ደህና። ሁሉም ደህና ከሆነ በሽተኛው ማነው አልኩት። እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ በዚህ ውስጥ የሰው እጅ አለበት አለኝ።

የማን እጅ? አብዲ እንደሆነ እንቅልፍ ይወዳል። መብራት ከሌለ ፀሐይ ሳይወጣ አንነሳማ! አንተ ነህ ብዬ ፊት ለፊት ነገርኩት።

"አቦ፣ አዴ! ወላሂ አልነካሁም! ካላመንሽኝ ነገ ቁልፍሽን ትረከቢያለሽ!"

"እረከባለሁ!" አልኩ። አፌ ነው ያለው። ልቤማ፣ ደንገጎን ማን ሊያወጣኝ ነው ይል ነበር።

ሲመሽ ፋኖሴን አበራሁ። ቤቴ ውስጥ ስንጎራደድ ቆይቼ ሲደክመኝ ክሩን ዝቅ ላደርግ ማዞሪያዋን ጠምዘዝ አደረግሁ። እጄ እዚያው ቀረ። ይቺን መሳይ ክብ ማዞሪያ በፒካፗም አለች፤ ስትሳብ የፊት መብራቱን የምታበራዋ። እኔም ሰሞኑን በአብዲ በኩል በወረድኩ ቁጥር አቧራዋን ጠርጌ፣ ልክ እንደ ፋኖስ ክር ወደ ታች ጠምዝዣት ነው የምወርደው!

ወደ ፒካፗ ወጣሁ። ማዞሪያዋን ስቤ ወደ ላይ መለስኳት። ዳሽቦርዱ ወለል አለ። ወደ ታች፤ ጨለመ። ወደ ላይ፤ በራ። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች ማለት ለካ እኔን ነው።

ጎህ ሳይቀድ አብዲ ተኮሳትሮ ቁልፍ ሊያስረክብ መጣ። በሩን ቢከፍት፣ እኔ ቀድሜ መብራቱን ስቤው መለኪያዎቹ ፍንትው ብለዋል።

"አዴ! ማነው ያበራው?"

"እኔ ነኛ!"

"ባቡር ጠጋኙ ያቃተውን?"

"አንተ ስታኮርፍ እኔ እሠራለሁ።"

ቁልፉን ለኔ መስጠቱን ትቶ ሞተሩን አስነሳበት። ደንገጎን እስክንወጣ "መካኒኳ አዴ!" እያለ ሲያሞግሰኝ፣ እኔ ሁለት እጄን ጭኔ ሥር ከትቼ ቁጭ አልኩ። ማን እንዳበራው ጠየቀኝ፣ እውነቱን ነገርኩት። ማን እንዳጠፋው ግን አልጠየቀኝም።