የቢተው አዲሱ ጠላት

በየከተማው አንድ ጠላት አምራች አይጠፋም። አንዱ ቢሮ ተቀምጦ ያመርታል፣ ሌላው ጠላ ቤት። መካነ ሰላም ግን ዕድለኛ ናት፤ በየወሩ በሥዕል የተዘጋጀ፣ በስቴፕለር የተሰፋ ጠላት የሚያወጣላት ሰው አላት፤ ክቡር ጠቅላይ አዛዥ፣ ደራሲ ቢተው።

ክቡርነታቸው መናኸሪያው አጠገብ ሱቅ አላቸው። ሳሙና፣ ባትሪ ድንጋይ፣ ደብተር፣ ደግሞም ከደሴ በከረጢት የሚመጡ አረንጓዴ የፕላስቲክ ወታደሮች ይሸጣሉ። ወታደሮቹ ገዢ ሲያጡባቸው «የፕላስቲክ ብርጌድ» የሚል ተከታታይ የሥዕል ታሪክ ጀመሩ። ከዚያ ወዲህ ሳሙና ለመግዛት የገባ ሰው የጦር ሜዳ ዜና ሳይሰማ አይወጣም።

ደራሲው ለአሻንጉሊቱ ታማኝ ናቸው። ኮሎኔሉ ተንበርክኮ ሲተኩስ ተደርጎ ስለተሠራ በሥዕሉም ዕድሜውን የሚገፋው ተንበርክኮ ነው፤ ተንበርክኮ ወንዝ ይሻገራል፣ ተንበርክኮ ሚስት አግብቷል። ቦምብ ሊወረውር እጁን ያነሣው መቶ አለቃም ለቅሶ ቤት የገባው እጁን እንዳነሣ ነው። አንድ ቀን «ምነው ቢተው፣ አንዳንዴ እንኳ ቢቀመጥ?» አልኳቸው። «ጋሼ፣ ልጆቹ እኮ ከገዙት ጋር ያስተያዩታል» አሉኝ፤ አርባ ዓመት መጽሐፍ ያነበብኩትን ሰው ከላይ እስከ ታች እያዩ።

ትልቁ ችግራቸው ጠላት አለመበርከቱ ነው። የባቄላ ማሳ እያቃጠለ የሚስቅ «ዶክተር ውርጭ» የሚባል ጨካኝ አምጥተው ነበር። አሻንጉሊቱን የገዛችውን የወይዘሮ አልታየችን ልጅ ጓደኞቿ አናጫውትም አሏት። እናትየዋ ሁለት ሴቶች አስከትለው፣ ነጠላቸውን አጣፍተው ሱቁ ደጃፍ ቆሙ። ሽምግልና መሆኑ ነው። ይህ አገር እውነተኛ ተኩስ ሰምቷል፤ በወረቀት ላይ እንኳ ተቀያይሞ የሚያድር ሰው እናቶች አይወዱም። በሚቀጥለው እትም ዶክተር ውርጭ ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ ጠየቀ፤ የፕላስቲክ እጁ አልታጠፍ ስላለ ድንጋዩን አናቱ ላይ አስቀመጡለት። ከእሱ በኋላ የመጡትም ሁሉ ታረቁ። ዛሬ የብርጌዱ እኩሌታ የቀድሞ ጠላት ነው፤ ስንቅ ያዥ፣ ወጥ ሠሪ፣ ዘበኛ እየሆኑ ከሥዕሉ ጥግ ብቅ ይላሉ። ደራሲው ግን አዲስ ባመጡ ቁጥር «ይሄኛው አይታረቅም» ይላሉ።

የዘንድሮው ጠላት አሻንጉሊቱ ከከረጢት ወጣ፤ ነፍሱ ግን የመጣው ከቂም ነው።

ብርጌዱን ከመጀመሪያው እትም አንሥቶ በፎቶ ኮፒ የሚያባዛላቸው አሕመድኑር ነበር፤ አብረው ፊደል የቆጠሩ፣ በሠርግም በለቅሶም ያልተለያዩ ጓደኛቸው። ባለፈው ክረምት ማሽኑ ቀለም ተፋና የድሉን ገጽ ድፍን ጥቁር አደረገው። አንባቢው ብርጌዱ ያለቀ መሰለው፤ ያለቀሱም አሉ። ክቡርነታቸው ሰው በተሰበሰበበት «ይሄ ማሽን ነው ወይስ ምድጃ?» አሉ። አሕመድኑር በሩን ዘጋባቸው። ኩርፊያው መስከረምን ተሻገረ፤ ደራሲው ወረኢሉ ድረስ እየሄዱ ማባዛት ጀመሩ።

እንግዲህ «ጄኔራል ጥቀርሻ» የተወለደው ያን ጊዜ ነው። ሬዲዮ የያዘ አሻንጉሊት ነው። የደረሰበትን ሁሉ ያጠቁራል፤ ከእያንዳንዱ ክፋት በፊት ጣቱን በምራቁ ያርሳል። በመላ መካነ ሰላም ወረቀት በገለጠ ቁጥር ጣቱን የሚያርስ ሰው ደግሞ አንድ ነው። ሳምንት ሳይቆይ አሕመድኑር ለጁምዓ ሲወጣ ሕፃናት «ጥቀርሻ መጣ!» እያሉ ይከተሉት ጀመር።

ይህም እንደ ቀልድ ባለፈ ነበር፤ የአሕመድኑር ልጅ አሚራ ኅዳር መግቢያ ላይ የምትዳር ባትሆን ኖሮ። በእኛ አገር የሙስሊም ሠርግ የክርስቲያን ድንኳንም አለው። በዚያ ድንኳን በሬውን የሚያሳርድ፣ እንግዳውን የሚያስተናግድ ክርስቲያን ወዳጅ በደጋሹ ስም ይቆማል። ያ ቦታ አሚራ ከተወለደች ጀምሮ የቢተው ነው። ሌላ ሰው ከቆመበት ጓደኝነቱ በአደባባይ ተቀበረ ማለት ነው።

ሽማግሌ ጠፍቶ እኔ ተላክሁ። ደራሲው የጻፉት ስለ ፕላስቲክ እንጂ ስለ ሰው እንዳልሆነ ረዘም አድርገው አስረዱኝ። ጣቱስ ብላቸው ፕላስቲክም ጣት አለው አሉ።

«ይሄኛው አይታረቅም» አሉ ደግሞ። «እንዲያው ጋሼ፣ ጠላት ከሌለ ብርጌዱ ምን ይሠራል?»

«ማሳ ይረስ» አልኳቸው።

ሰው ራሱን የሚያውቀው በጠላቱ ነው ብለው የሚከራከሩ ፈላስፎችን በወጣትነቴ አንብቤያለሁ። እነሱ ግን ቢያንስ አሻንጉሊት አይሸጡም ነበር።

ይህን እያሰብኩ ሳለ አሕመድኑር ራሱ ገባ። እትሙን ጠቅልሎ ይዟል። ሰላምታ አልሰጠም።

«ይሄን ያባዛው ማነው?»

«ወረኢሉ ነው» አሉ ደራሲው፣ ከሳሙናው ጀርባ ሆነው።

«ያስታውቃል። ጥቀርሻ ካልከኝ አይቀር በወጉ ልጥቆር እንጂ፤ ይሄ አመድ ነው።»

አሕመድኑር የተጠቀለለውን ወረቀት ባንኮኒው ላይ አስተኛው። «ሐሙስ ሠርግ ነው» አለ ዝቅ ባለ ድምፅ። «በስመ አብ ብሎ የሚያርድልኝ ሰው አጣሁ።»

ከተማው ግን በስመ አብ በሚል ሰው የተሞላ ነው።

አንቱታው እዚህ ላይ ይቅርብኝ፤ እንባው ለመጣ ሰው አይመችም። ቢተው ፊቱን ወደ መደርደሪያው አዞረና ያልተዛነፉ ደብተሮችን ያስተካክል ጀመር። «ጄኔራሉን በሚቀጥለው እትም አስታርቀዋለሁ» አለ፣ ጀርባውን እንደሰጠን።

«ወላሂ እንዳታደርገው» አለ አሕመድኑር። «ስንቅ ያዥ ልታደርገኝ ነው?»

ሐሙስ ዕለት ቢተው እጀታውን ጠቅልሎ በክርስቲያኑ ድንኳን ሽር ጉድ ሲል ዋለ። እንግዳው በልቶ ከጠገበ በኋላ አሕመድኑር መጥቶ አጠገባችን ተቀመጠ። ሁለቱ ወዲያው ሌላ ጠብ ጀመሩ፤ በሚቀጥለው እትም በተራራ ላይ የሚከበበው ጄኔራል ጥቀርሻ በየት በኩል ያምልጥ በሚል። አሕመድኑር በዋሻ አለ። ቢተው በጭጋግ ተሸፍኖ አለ። እንዲህ ያለ ድንቁርና ዝም ብዬ ማየት አልቻልኩም። መውጫው በዓባይ በረሃ ብቻ እንደሆነ ነገርኳቸው፤ ብርጭቆዎቹን ተራራ፣ የአንዱን እንግዳ ሻሽ ወንዝ አድርጌ ቁልቁለቱን አንድ በአንድ አሳየኋቸው።

እልልታው ቀለጠ። ሙሽራዋ ልትሸኝ ነው ተባለ፤ ድንኳኑ በሙሉ ተነሣ፣ አባትየውም ብድግ አለ።

እኔ ግን እጀታውን ያዝኩት፤ ጄኔራሉ ገና ወንዙን አልተሻገረም ነበር።