ክቡር ይገጥማል-ወይ እና የጨዋታ ኮምፒውተራቸው

አንድ «ይገጥማል ወይ?» ባይ የሌለበት ቤተሰብ እስካሁን አላጋጠመኝም። ሙያዬ የቤት ውስጥ ኤሌክትሪክ ዝርጋታ ነው፤ የሰው ግድግዳ ስበሳ ስለምውል ብዙ ቤተሰብ በቅርብ አይቻለሁ። አንዱ ቤት አባትየው ናቸው፣ ሌላው ቤት አክስትየዋ። የተቃጠለውን አምፖል ነቅዬ አዲሱን እዚያው ቦታ ላስገባ ስል፣ ከታች መሰላሉን የያዘልኝ ሰው ቀና ይልና «ግን ይገጥማል ወይ?» ይለኛል። ልቤን ያወልቀዋል። አሁን የነቀልኩትን እጄ ላይ እያየው እኮ ነው።

የእነዚህ ሁሉ የበላይ ጠባቂ ሊባሉ የሚገባቸው ግን የታላቅ እህቴ ባል ናቸው። ልብስ ሰፊ ናቸው፤ ሜትራቸው ከአንገታቸው አይወርድም። ስንገናኝ «ጋሼ» እያልኩ በአንተታ አወራቸዋለሁ፤ በጽሑፍ ግን ማዕረጋቸው ይጠበቅና ክቡር ይገጥማል-ወይ ይባሉልኝ።

በስፌት ቤታቸው ውስጥ ይህ ጠባይ ያስከብራቸዋል። ከሳቸው እጅ ወጥቶ ወገቡ ጠበበ ተብሎ የተመለሰ ሱሪ አላውቅም። ችግሩ ጥያቄው ከስፌት ቤቱ አብሯቸው መውጣቱ ነው። የድስት ክዳን ሊገዙ ድስቱን ታቅፈው ገበያ ወጥተዋል። ማቀዝቀዣ የገዙ ጊዜ በሩን ለኩ፣ ደረጃውን ለኩ፣ በመጨረሻም የተሸካሚውን ትከሻ ለኩ። ሰውየው ሙሉ ልብስ ሊሰፉለት መስሎት ደስ ብሎት ቆመላቸው። እህቴን ለማግባት በመጡ ጊዜም አባቴ ፊት ቁጭ ብለው «ጠባያችን ይገጥማል ወይ?» አሉ ይባላል። አባቴም «እሱን እንኳ እሷን ጠይቃት» አሉ። እህቴ እስከዛሬ መልስ አልሰጠሁትም ትላለች።

እኚህ ሰው ናቸው እንግዲህ የጨዋታ ኮምፒውተር ዕቃ በዕቃ ገዝቼ ቤቴ ውስጥ እገጣጥማለሁ ብለው የተነሡት።

ለማያውቅ ሰው ላስረዳ። ተገጣጥሞ የሚሸጠው ኮምፒውተር ውድ ነው፤ ኪሱ የሳሳ ሰው ዕቃውን አንድ በአንድ እየመረጠ ይገዛና ራሱ ይገጥማል። ዕቃዎቹ ግን እንደ ዘመድ ናቸው፤ ሁሉም ከሁሉም ጋር አይስማማም። ማዘርቦርድ የሚባለው፣ ሌላው ሁሉ የሚሰካበት ሰሌዳ፣ የሚቀበለው ፕሮሰሰር፣ የኮምፒውተሩ አንጎል፣ የተወሰነ ነው። ማስታወሻው፣ ራም የሚሉትም፣ ትውልድ አለው፤ የአባትየው ሰሌዳ ላይ የልጅየው ራም አይገባም። ሥዕሉን የሚያወጣው ግራፊክስ ካርድ ከረዘመ ሳጥኑ እምቢ ይላል፤ ሆዳም ከሆነ ደግሞ ኃይል የሚያድለው ፓወር ሰፕላይ አይችለውም። ይህ ለሌላው ሰው ራስ ምታት ነው። ለክቡርነታቸው ግን ዕድሜ ልካቸውን ያለ ቦታው ሲጠይቁት የኖሩት ጥያቄ በመጨረሻ ቦታውን ያገኘበት ነው።

ደግሞም ለመጨነቅ ምክንያት ነበራቸው። ታናሽ ወንድም አላቸው፤ ሌላ ከተማ፣ ወደብ ላይ ክሬን ያንቀሳቅሳል። ልጅ ሆነው አንድ ወንበር ላይ ተጣበው፣ አንድ መጫወቻ እየተነጣጠቁ ያደጉ ናቸው። አሁን የስልካቸውን ነገር ብትሰሙ ታዝናላችሁ። «ደህና ነህ?» «ደህና። አንተስ?» «ደህና።» ከዚያ በኋላ ሁለቱም ሌላው እስኪዘጋ ይጠብቃሉ። ተጣልተው አይደለም፤ ወሬ አልቆባቸው ነው። ዘዴውን ያመጣው ታናሽየው ነው፦ አንተም ኮምፒውተር ግዛ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ባለንበት ሆነን አብረን እንጫወት አለ።

ክቡርነታቸው እሺ አሉና መጠየቅ ጀመሩ። የተቀጠረው ቅዳሜ አለፈ። ሌላ ተቀጠረ፤ እሱም በጥያቄ አለፈ። ለሦስተኛ ጊዜ ሲቀጥሩት ወንድምየው ምንም ሳይቆጣ፣ «ካልሆነልህም ተወው» አላቸው።

እህቴ እንደነገረችኝ ስልኩን እንደያዙ ቆመው ቀሩ። ቢቆጣ ይሻለኝ ነበር አሏት። ይህች «ተወው» ናት እንቅልፍ የነሳቻቸው።

ከዚያች ቀን ጀምሮ የእኔም ስልክ ዕረፍት አጣ። ጣሪያ ሥር ተጋድሜ ገመድ ስስብ ይደውላሉ። ፓወር ሰፕላዩ ካርዱን ይችለዋል ወይ? ይችለዋል። ሁለቱም ሲሞቁስ? ያኔም ይችለዋል። መብራት ጠፍቶ ሲመለስስ? እዘጋለሁ፤ ተመልሰው ይደውላሉ፤ ይቅርታ ሊሉ ይመስለኛል፣ የሳጥኑ ብሎን ከሰሌዳው ቀዳዳ ጋር ይሄድ እንደሆን ሊጠይቁ ነው።

ካርዱን ሊመርጡ ባዶ ሳጥኑን ታቅፈው ሱቅ ሄዱ። እኔም ታዛቢ ሆኜ ተከተልኩ። ሜትሩን ከአንገታቸው አውርደው ካርዱን በቁመት፣ በወርድ፣ በውፍረት ለኩት፤ የሳጥኑን ሆድ ለኩ፤ ከፊት ያለውን ማራገቢያ ቀነሱ፤ ጣት የምታህል ትርፍ ተዉ። ሻጩ ሲበቃው፣ «ጋሼ፣ ይሄ እኮ ልብስ አይደለም» አላቸው። «እሱም አካል አለው» ብለው መለካታቸውን ቀጠሉ። ከሻጩ ራስ በላይ «የተከፈተ ዕቃ አንመልስም» የሚል በትልቁ ተጽፎ ተሰቅሏል። ሌላው ገዢ ከፍሎ ሲወጣ የሚያየውን ጽሑፍ እሳቸው ገና ሲገቡ አይተውታል፤ እስክንወጣም ዓይናቸው እዚያው ነበር።

ርካሹን ፕሮሰሰር የመረጡ ዕለት ደግሞ ቤቴ ድረስ መጡ። የረከሰው በምክንያት ነው፣ የራሱ ሥዕል ማውጫ የለውም፣ ስለዚህ ሥዕሉ ሁሉ ከካርዱ ነው የሚወጣው እያሉ በእጃቸው ጠረጴዛው ላይ እየሳሉ አስረዱኝ። «ልብ በል እንግዲህ» አሉኝ። እኔ ልብ ያልኩት ሻዬ እየቀዘቀዘ መሆኑን ነው።

ጭንቀት ደግሞ ይጋባል። የሰው ቤት ቆጣሪ ፊት ቆሜ ስለ አማቼ ራም ሳስብ ራሴን ያዝኩት። በዚህ ዓይነት ይሄ ሰው ዕቃውን ሳይገጥም እኔን ይፈታኛል አልኩና ቅዳሜ ጠዋት መፍቻዬን ይዤ ስፌት ቤታቸው ተገኘሁ። ወንድምየው ከምሳ በኋላ ይጠብቃል። አራተኛ ቅዳሜ የሚባል ነገር እንደሌለ ሁላችንም ገብቶናል።

መቁረጫ ጠረጴዛው ላይ ጨርቁን አንሥተን ዕቃውን ደረደርን። ካርቶን ከመክፈታቸው በፊት ላዩ ላይ የተጻፈውን ደግመው ያነባሉ፤ የተከፈተ ዕቃ አይመለስማ። ፕሮሰሰሩ ጥግ ላይ ያለችው ምልክት ከሰሌዳው ምልክት ጋር ትገጥማለች ወይ? ገጠመች። ራሙ እስኪንቋቋ ተጫንኩት። ተንቋቋ ወይስ ተሰበረ? ተንቋቋ። ካርዱ ገብቶ ጣት የምታህለዋ ትርፍ በቦታዋ ተገኘች። ደስ ሊላቸው ሲገባ ትርፏ ለምን እንዲህ ልክ እንደሆነች አሳሰባቸው።

የቀረው የስክሪኑ ገመድ ብቻ ነበር። ይዤው ወደ ሳጥኑ ኋላ ጎንበስ አልኩ። ክቡርነታቸው ከወዲያ ሆነው፣ ምን እንደማደርግ ሳይታያቸው፣ ያንኑ ጥያቄ አመጡ።

«ቀዳዳው ሁለት ቦታ ነው ያለው። የያዝከው ይገጥማል ወይ?»

ትዕግሥቴ እዚያች ላይ አለቀች። «ጋሼ፣ ገባ አይደል? ከገባ ገጠመ! ገመድ መሰካት እንኳ ላንተ ላስፈቅድ?»

መልስ ሳልጠብቅ ማብሪያውን ተጫንኩት። ማራገቢያው ዞረ፣ መብራቱ በራ። ስክሪኑ «ምልክት የለም» ብሎ ጨለመ።

«ይመጣል» አልኩ። አልመጣም። አጥፍቼ አበራሁ። ራሙን ነቅዬ መለስኩ። የኃይሉን ገመድ ነቅዬ መለስኩ። ጨለማው ጨለማ ነው። ፕሮሰሰሩን ሳስገባ ጎብጦ ይሆን? ጣቴ የማይነካ ነገር ነክቶ ይሆን? የፈሩት ይደርሳል ሲባል እሰማ ነበር፤ በባለሙያ እጅ ይደርሳል ብሎ የነገረኝ ግን የለም። በላብ ርሼ፣ አሁን አንድ ጥያቄ ይመጣል ብዬ ቀና አልኩ። የቱንም ጥያቄ ቢሆን በደስታ ልቀበል ተዘጋጅቻለሁ።

ምንም አልጠየቀም።

እዚህ ላይ ማዕረጉን ለመጻፍ እጄ እምቢ አለኝ። አማቼ ሜትሩን ከአንገቱ አወረደ። ጣቱ ላይ ጠቀለለና መሳቢያ ውስጥ ከቶ ዘጋው። ከዚያ የደንበኛ ወንበር ላይ፣ ሱሪው ገና እንዳልደረሰለት ሰው ተቀመጠ።

እህቴ ሻይ ይዛ ብቅ አለች። ስክሪኑን አላየችም፤ አንገቱን ነው ያየችው። ወደ እኔ ዞረች።

«ምን አደረግከው?»

«እኔ ምን አደረግኩት?»

«ሜትሩ የታለ?»

መልስ ሳልሰጣት ስልኩ ጠራ። ወንድምየው ነው። አማቼ ስልኩን አየውና እጁን ጉልበቱ ላይ እንዳደረገ ቀረ።

«አንሣው እንጂ» አለችው እህቴ።

«ምን ብዬ?» አለ። «እሱም ራሱ ተወው ብሎኛል።»

አነሣሁት። ጋሼ አለ፣ እጁ ተይዞ ነው ብዬ ልዋሽ ስጀምር ወንድምየው አቋረጠኝ። «አልበራም አይደል?» አለኝ። የተቀየመ ሰው ድምፅ አይመስልም። እንዲያውም ጉጉት ነገር አለበት። ጥያቄውን ያዥጎደጉደው ጀመር። ማራገቢያው ይዞራል ወይ? ይዞራል። መብራቱስ? በርቷል። ለካርዱ የሚሄደው ኃይል ለብቻው ተሰክቷል ወይ? ተሰክቷል። ራሙ ተንቋቍቷል ወይ? ያንን ድምፅ የማውቀው ይመስለኛል አልኩ በሆዴ፤ ያንን «ወይ» ከዓመታት በፊት ጀምሮ ከጋሼ አፍ አውቀዋለሁ።

«የስክሪኑ ገመድስ?»

«ገብቷል።»

«የት?»

«ቀዳዳው ውስጥ ነዋ!»

«መግባቱንማ ይገባል» አለኝ፣ ረጋ ብሎ። «ይገጥማል ወይ?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። ቀዳዳው ሁለት ነው። የላይኛው የሰሌዳው፣ የታችኛው የካርዱ። መንትዮች ናቸው፤ ገመዱ ለሁለቱም እኩል ይገባል። እኔ የሰካሁት የላይኛው ላይ ነው፤ ሥዕል ማውጫ የሌለው ፕሮሰሰር ከጀርባው ቁጭ ያለበት። የቀዘቀዘው ሻይ ትዝ አለኝ። በጠረጴዛው ላይ የሚስለው እጅም።

አማቼ ከተቀመጠበት ቀና አለ። «የላይኛው ላይ ነው እንዴ የሰካኸው?»

ላለመመለስ ብዬ ፈጠን ብዬ ነቀልኩና ታች ሰካሁት። ስክሪኑ በራ።

ማንም አልጮኸም። አማቼ ተነሥቶ መሳቢያውን ከፈተ፣ ሜትሩን አውጥቶ አንገቱ ላይ አደረገ፣ ኮሌታውን አስተካከለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ስክሪኑን በቅርብ መረመረና፣ «ድምፁስ ይሰማል ወይ?» አለ። እህቴ ሻዩን አስቀምጣ ሳቋን ለቀቀችው። እኔ ግን ያቺን ጥያቄ ስሰማ የደንበኛው ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ።

ፕሮግራሙ እስኪጫን ብዙ ቆየ። ወንድምየው ስልኩን አልዘጋም፤ ጠረጴዛው ላይ፣ ከመቀሱ አጠገብ እንዳስቀመጥነው ከወዲያ ይጠይቃል፣ ከወዲህ አማቼ ይጠይቃል። ስንት ደረሰ? ማይክህ ይሠራል ወይ? ወንበርህ ከፍ አይልም? ተመልሰው መጫወት ሲጀምሩማ ሌላ ሰው ሆኑ። በግራ ና፣ በግራ አልኩህ! አንተ ዱሮም ከኋላዬ ነህ! ያቺን መጫወቻ የሰበርካት አንተ ነህ፣ እናታችን እኔን ነው የገረፈችው! እየሰማሁ ዕቃዬን ሰበሰብኩ። እስክወጣ ድረስ አንዳቸውም «ደህና ነህ?» አላሉም።

ክቡርነታቸው ወደ ማዕረጋቸው ተመልሰዋል፤ እኔም ወደ ግድግዳዬ። ስልኬ ሰላም አገኘ። ሰኞ አልጠራም። ማክሰኞም አልጠራም። ጣሪያ ሥር ተጋድሜ፣ ገመድ ጥርሴ ላይ ይዤ፣ ኪሴን ሁለት ጊዜ ዳበስኩ። ረቡዕ አላስቻለኝም፤ ደወልኩ።

«ምነው ጋሼ፣ ታመምክ እንዴ?»

«ኧረ ደህና ነኝ። ሁሉም ነገር ገጥሟል» አሉኝ። ከጀርባ የወንድምየው ድምፅ ይሰማል። ለካ ቅዳሜ ብቻ መሆኑ ቀርቷል።

ልዘጋ ነበር። ደስ ሊለኝም ይገባ ነበር። ግን አንድ ነገር ጎደለኝና አፌ ቀደመኝ።

«ጋሼ፣ ያ የስፌት ወንበር ግን ከጠረጴዛው ከፍታ ጋር… ይገጥማል ወይ?»

ከወዲያ በኩል ወንበር ሲገፋ ሰማሁ።

«ቆይ» አሉኝ፣ ደስ በሚል የጭንቀት ድምፅ። «ቆይ እስቲ፣ ልለካው።»