በስድስቱ የዱር ዳክዬ እንቁላሎች ውስጥ ያለው ዘይት እንዴት ይለካ በሚል የተያዘ ቃለ ጉባኤ

ቀን፦ ረቡዕ፣ መስከረም 19 ቀን 2003 ዓ.ም.
ቦታ፦ አቃቂ ቃሊቲ፣ የአካባቢ ጥበቃ ጽሕፈት ቤታችን ንብረት ክፍል (አዳራሹ ለግምገማ ስለተያዘ)
ሰዓት፦ ለ3፡00 ተጠርቶ 3፡50 ተጀመረ

የተገኙ አባላት፦
1. አቶ ፀሐዩ፣ ሰብሳቢ
2. ወ/ሪት ሒክማ፣ የላቦራቶሪ ባለሙያ
3. አቶ ቡልቻ፣ የንብረት ክፍል ኃላፊ
4. ወ/ሮ ዳሲቱ፣ የወንዙ ዳር ነዋሪዎች ተወካይ፣ ላም አርቢ
5. የአብስራ፣ ጸሐፊ (እምቢ ማለት ስላልቻለ የተመረጠ)

ከአምስት አባላት አምስቱም ስለተገኙ ምልዓተ ጉባኤው ተሟልቷል። ይህ በጽሕፈት ቤታችን ታይቶ አይታወቅም። ወ/ሮ ዳሲቱ ከሁለት ሰዓት ጀምሮ በር ላይ ቆመው ነበር።

የስብሰባው ምክንያት፦ አንድ ጋራዥ የተቃጠለ ዘይትና ናፍጣ ወደ ወንዙ ይለቃል ሲሉ ነዋሪዎች አመልክተዋል። የወ/ሮ ዳሲቱ ላሞች የሚጠጡት ከዚያው ውሃ ነው። ወ/ሪት ሒክማም ነገሩን ለማጣራት ከወንዙ ዳር ካለው ረግረግ ስድስት የዱር ዳክዬ እንቁላሎች አምጥተዋል።

አጀንዳ 1፦ የምርመራው ዘዴ

ወ/ሪት ሒክማ ሲያስረዱ፣ ዳክዬዋ የዋጠችው ዘይት በአስኳሉ ስብ ውስጥ እንደሚጠራቀም፣ ስለዚህ እንቁላሉ ተሰብሮ፣ ውስጡ በንጹሕ ጠርሙስ ተደባልቆና ደርቆ፣ ስቡ በኬሚካል ከወጣ በኋላ ዘይቱ ተለይቶ በመሣሪያ እንደሚለካ ተናገሩ።

አቶ ፀሐዩ ሳይሰበር መለካት አይቻልም ወይ አሉ። አይቻልም ተባለ። ተቀቅሎስ? አሉ። እሱም አይሆንም ተባለ። ቀጥለውም ቀኑ ረቡዕ መሆኑን አስታውሰው፣ በጾም ቀን እንቁላል መስበር እንዴት ይታያል ሲሉ ሥጋታቸውን ገለጹ። ወ/ሪት ሒክማ «ጋሼ፣ የሚበላው ሰው የለም እኮ!» ብለው መለሱ። ሰብሳቢውም ሥጋታቸውን ትተዋል።

አቶ ቡልቻ በበኩላቸው እንቁላሎቹ በሞዴል 19 ገቢ የሆኑ የመንግሥት ንብረት ስለሆኑ ያለ ንብረት አስወጋጅ ኮሚቴ አንዱም አይሰበርም ብለው በጥብቅ ተቃወሙ። «ኦዲተር ሲመጣ ምን ላሳየው ነው? የታጠበ ጠርሙስ?» አሉ። ከረዥም ውይይት በኋላ (አንድ ሰዓት ከሩብ ፈጅቷል፤ ጸሐፊው ቁርስ አልበላም) እንቁላሎቹ በአባላት ፊት እንዲሰበሩ፣ ቅርፊቱ ግን ተቆጥሮ ለንብረት ክፍል እንዲመለስ ተወሰነ።

አጀንዳ 2፦ ርክክብ

አቶ ቡልቻ ካርቶኑን ሲከፍቱ እንቁላሎቹ ያብረቀርቁ ነበር። በእያንዳንዳቸው ላይ የንብረት መለያ ቁጥር በማርከር ተጽፏል። ወ/ሪት ሒክማ አንዱን አንስተው አሸተቱና ጭቃው የት እንደሄደ ጠየቁ። አቶ ቡልቻም ማርከሩ ጭቃ ላይ አልጽፍ ስላላቸው፣ ለጀነሬተሩ ከመጣው ናፍጣ ትንሽ ጨርቅ ላይ አድርገው ጥርግርግ እንዳደረጓቸው ገለጹ። የገለጹት ምስጋና እየጠበቁ ነበር።

ወ/ሪት ሒክማ «ወይ ጉዴ!» ብለው ተቀመጡ። ቅርፊቱ ዓይን የማያየው ቀዳዳ ስላለው ናፍጣው ወደ ውስጥ እንደሚዘልቅ፣ ከእንግዲህ የሚገኘው ዘይት የጋራዡ ይሁን የአቶ ቡልቻ መለየት እንደማይቻል፣ ሌላ እንቁላል የሚገኘውም በሚቀጥለው ክረምት እንደሆነ አስረዱ። ለእነዚህ እንቁላሎች ሲሉ እስከ ጉልበታቸው ረግረግ ውስጥ ገብተዋል።

ሰብሳቢው ዘይት እስከተገኘ ድረስ ዕቅዱ መቶ በመቶ ተሳክቷል ብሎ ሪፖርት ማድረግ ይቻል እንደሆነ ጠየቁ። የሚደግፍ አልተገኘም። አቶ ቡልቻ ግለ ሂስ እንዲያደርጉ ተጠይቀው፣ ድክመታቸው ሥራን ከመጠን በላይ መውደድ መሆኑን አመኑ።

በዚህ ጊዜ ወ/ሮ ዳሲቱ እጃቸውን ሳያወጡ ተናገሩ። «እኔ የቁጥሩ ነገር አይገባኝም። ሦስት ሳምንት ሙሉ ያለብኩትን እየደፋሁ ነው። ልጆቼ ወተት ወተት ይሉኛል። ትንሿ ሆዷን ታማ ነው የከረመችው። ላጠጣቸው ወይስ ልድፋው? የመጣሁት ለዚች ነው፤ እሷን ብቻ ንገሩኝ» አሉ።

ሰብሳቢው ጥያቄው ተገቢ መሆኑን ገልጸው ወደ አጀንዳ 3 አስተላለፉት። አጀንዳ 3 የሚባል አልነበረም። ጸሐፊው ጨመረው።

አጀንዳ 3፦ የወ/ሮ ዳሲቱ ጥያቄ

አቶ ቡልቻ ጥያቄው ከመመለሱ በፊት የናፍጣው ነገር ከተጻፈ ጡረታቸው ሊበላሽ እንደሚችል አስገነዘቡ። ከአጭር ውይይት በኋላ (የዕለቱ በጣም አጭሩ) የሚከተለው ተወሰነ፦

ሀ. ሞዴል 19 ተሰርዞ እንቁላሎቹ ከነጭራሹ እንዳልመጡ ይቆጠር።
ለ. እንቁላል ስላልነበረ በአጀንዳ 1 እና 2 የተወሰነው ሁሉ ተሽሯል።
ሐ. እንቁላል ስላልነበረ ስለ ውሃውም ሆነ ስለ ወተቱ የሚመለስ ጥያቄ የለም።

ሰብሳቢውና አቶ ቡልቻ ደግፈዋል። ወ/ሪት ሒክማና ወ/ሮ ዳሲቱ ተቃውመዋል። እኩል ስለሆነ የሰብሳቢው ድምፅ እንደ ሁለት ተቆጥሮ አልፏል። ጸሐፊው ድምፀ ተአቅቦ አድርጓል፤ አፍሯልም።

ወ/ሮ ዳሲቱ እንዲፈርሙ ሲጠየቁ «የሌለ እንቁላል ላይ ምን ብዬ ልፈርም?» ብለው ተነሡ። በር ላይ ደርሰው ወደ ወ/ሪት ሒክማ ዞሩና «እሺ አንቺ የኔ ልጅ፣ አንቺ ብትሆኚ?» አሏቸው።

«እደፋዋለሁ፣ እናቴ» አሉ ወ/ሪት ሒክማ።

«እስከ ክረምት?»



ሰብሳቢው ይህ ንግግር ስብሰባው ካበቃ በኋላ የተደረገ ስለሆነ እንዳይጻፍ አዘዙ። ንግግሩ የተደረገው 6፡20 ላይ ነው። ስብሰባው የተበተነው 6፡25 ነው።

የአብስራ፣ ጸሐፊ (ፊርማ)