ሊቀ ሸክም ሽባባው

ጋሽ ሽባባው በየማለዳው የእነ ስሜነሽን በር ሳያንኳኩ ይከፍታሉ፤ መዳፋቸውን እፍ እፍ ብለው ያፋትጉና «ዞር በይ፣ ማንሣት የኔ ነው» ይላሉ።

ሰውም ሆነ ዕቃ ከመሬት ሊነሣ ሲል ሳይጠራ የሚደርስ አንድ ሊቀ ሸክም የሌለበት ሰፈር የለም። የዳንግላው እሳቸው ናቸው። ቦይ የገባ ባጃጅ ተሳፋሪው ሳይወርድ አንሥተዋል። የሰርግ ድንኳን ምሰሶ ሙሽራው ሥሩ ቆሞ ሳለ ነቅለዋል። የጋሪ ፈረስ ቢወድቅ ባለቤቱን ገፍትረው ፈረሱን ያቆማሉ። በእሳቸው ዘንድ ፍጥረት ሁሉ አንድ እጀታ አለው፤ እሱም ብብት ነው።

የስሜነሽ እናት ሙሉነሽ ግራ ጎኗ ከዛለ ወዲህ ከአልጋ ወደ ወንበር የምታልፈው በሰው እጅ ነው። ከሆስፒታል ስትወጣ ነርሷ ለስሜነሽ አሳይታታለች፦ ወንበሩ በደኅናው ጎን ይሁን፤ እግሯ መሬት ይርገጥ፤ ወደፊት ዘንበል ትበል፤ የሚያነሣት ሰው ወገቧ ላይ የታሰረውን መቀነት ይያዝ እንጂ የዛለውን ክንድ አይጎትት። ስሜነሽ ይህንኑ ለጋሽ ሽባባው አስረዳች። እሳቸውም ራሳቸውን እየነቀነቁ በጥሞና አዳመጡና ብብት ያዙ። ለምን ብትላቸው ተቆጡ።

«የሴት መቀነት የሚይዘው ባሏ ነው። እትዬ ሙሉን በስተርጅና ላዋርድ?»

ሙሉነሽ በዚህ ደስ አላት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ለክብሯ እንዲህ የተጨነቀ ሰው አልነበረም።

አንድ ማለዳ የዛለውን ክንድ ሳብ ሲያደርጉት ትከሻዋ ወለቀ። ከነውር ሊያድኗት ብለው ትከሻዋን አወለቁ። ሙሉነሽ ከንፈሯን ነክሳ «እግዜር ይስጥልኝ፣ ሽባባው» አለች። ስሜነሽ ግን ሁለተኛ እንዳይመጡ ነገረቻቸው። ወጥተው ሄዱ።

እሳቸውን የሚተካ አልተገኘም። የስሜነሽ ወንድም ዓባይነህ ከእንጅባራ እየደወለ በጥንቃቄ እንድታነሣት ያዛል፤ ኔትወርኩም በደግ ሰዓት ይቋረጣል። ጎረቤቶች እየመጡ ተቀምጠው፣ ከንፈር መጥጠው ይሄዳሉ። ጠያቂ ሞልቷል፤ አንሺ የለም። ስሜነሽ ብቻዋን ብትሞክር እናትና ልጅ ተያይዘው ወለሉ ላይ ተዘረጉ። ከዚያ በኋላ ሙሉነሽ አልጋ ላይ ዋለች፤ ጀርባዋም መቁሰል ጀመረ።

ስሜነሽ ቁስሉን ባየች ቀን ንዴቷን ውጣ ጋሽ ሽባባው ቤት ሄደች። ይቅርታ የጠየቀ የለም። መቀነቱን የሚይዙ ከሆነ ብቻ እንዲመጡ ነገረቻቸው። እሳቸው መሬት መሬት አዩ።

በማግሥቱ መጡ። ሱሪያቸው በሲባጎ ታስሯል። የቆዳ ቀበቷቸውን ከኪሳቸው አውጥተው ለስሜነሽ ሰጧትና፣ የእናቷ ወገብ ላይ እስክታስረው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ። ከዚያ ተመልሰው ቀበቶውን ግጥም አድርገው ጨበጡ።

«ይኸ የኔ ነው» አሉ። «የገዛ ንብረቴን ብይዝ ማን ምን ይለኛል?»

ሙሉነሽ ከታመመች ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የሳቀችው ያን ዕለት ነው። ስሜነሽ አልሳቀችም፤ የእናቷን ጉልበት በጉልበቷ ደግፋ «ዘንበል በይ፣ እማ» አለች። ሙሉነሽም ዘንበል ብላ ተነሣች፣ ዞረች፣ ወንበሩ ላይ አረፈች። ጋሽ ሽባባው ላባቸውን እየጠረጉ፣ ይህን ዘዴ ቀድሞውንም ያውቁት እንደነበር ተናገሩ።

ስሜነሽ እስካሁን ይቅር አላለቻቸውም። እሳቸው ጉንፋን ይዟቸው ሲያስሉ ግን ዝንጅብል አፍልታ የምታጠጣቸው እሷ ናት።

የሙሉነሽን ትከሻ ወጌሻ ቢመልሰውም እንደ ድሮው አልሆነም። ከሰዓት በኋላ ሙሉነሽ ከወንበር ወደ አልጋ ትመለሳለች፤ ለዚያም የሚመጡት ጋሽ ሽባባው ናቸው።