መርዶ በሳጥንና በቀስት

ሁሉን ነገር በሳጥንና በቀስት ካልሳለ የማይገባው ሰው ገጥሟችሁ ያውቃል? የእኛ ይማም እንደዚያ ነው። ሥራው ሳዑዲ፣ ኾበር ከተማ ባለ አንድ መሥሪያ ቤት ውስጥ፣ በየከተማው ያሉ ኮምፒውተሮች ሥራ እንዴት እንደሚቀባበሉ መሳል ነው። ይህ አልበቃ ብሎት እዚያው አካባቢ በየከተማው ለምንሠራ ለአገሩ ልጆች የመርዶ ሥርዓት ሳለልን! የደማሙ ልጅ የሐዘንተኛውን አሠሪ፣ ካፊሉን ያስፈቅዳል፤ የሰይሃቱ ወሬው እንዳይቀድም የሐዘንተኛውን ስልክ ይወስዳል፤ የኾበሩ ይናገራል፤ የዳህራኑ ይደግፋል።

"ሙሽኪላ ተፈጥሮ ሥራ የሚበላሸው ሁለት ሰው አንድ ሳጥን ውስጥ ሲገባ ነው" ይለናል ኮስተር ብሎ።

ባለፈው ዓርብ በማለዳ አራት ሆነን የራሱን የይማምን በር አንኳኳን። የሰይሃቱ ወዳጃችን ገና ሳይቀመጥ፣ "እስቲ ስልክህን፣ የኔ ዘጋብኝ" አለው። ይማም ስልኩን ሰጠውና ሁላችንንም አንድ በአንድ አየን።

"ስንተኛው ሳጥን ላይ ደረሳችሁ?" አለ ቀስ ብሎ።

ተናጋሪው የኾበሩ እኔ ነበርኩ። ያረፈችው እናቱ ናት፤ አገር ቤት ጎረቤት ነበርንና እኔንም ከእሱ እኩል ነው ያሳደገችኝ። አፌን ስከፍት እንባዬ ቀደመኝ።

ይማም ተነስቶ አቀፈኝ። "ኢና ሊላሂ... እማዬ ናት አይደል? አይዞህ ወንድሜ።"

በሥዕሉ ላይ ደጋፊው የዳህራኑ ነበር። እኔን ደግፎ የቆመው ግን ሐዘንተኛው ራሱ ነው።