መጠበቅ የማትችለዋ ኬሚስት

መጠበቅ የማይችል ሰው እናንተ ሰፈር የለም? እኛ ሶዌቶ አንዲት አለች፤ እኔ ነኝ።

በኮሮና ጊዜ የኬሚስትሪ መምህራችን ለእኔና ለጓደኛዬ ለኖምሳ ያልጠራ ነጭ ዱቄት ሰጡን። አሟምተን፣ አቀዝቅዘን፣ ንጹሕ ክሪስታል ካወጣን ማርክ እናገኛለን። ትርፍ ዱቄት የለም።

«መጀመሪያ በቁንጣሪ እንሞክር» አለች ኖምሳ። «የሚፈለገው ሲሞቅ ዱቄቱን የሚያሟሟ፣ ሲቀዘቅዝ ክሪስታሉን የሚመልስ ፈሳሽ ነው። ሙቅ ውሃ ይሻላል።»

«አይ ሲሲ፣ እህቴ፣ አንቺ ደግሞ ስትንቀረፈፊ!» ብዬ ከአባቴ ስፓዛ ሱቅ ያመጣሁትን የእጅ አልኮል በዱቄቱ ሁሉ ላይ ገለበጥኩት። ሳይሞቅ ሟሟ! ኬሚስት ማለት እኔ! በረዶ ውስጥ ብናስቀምጠው ግን አንዲት ክሪስታል እንኳ አልተመለሰችም።

ኖምሳ አልተቆጣችም፤ ማስኳን ወደ ዓይኗ ሳብ አደረገች። ይቅርታውን ለነገ አቆየሁት። በማግስቱ ትምህርት ቤት በኮሮና ተዘጋ፤ ሲከፈትም ኖምሳ አልተመለሰችም። በሕይወቴ ልጠብቅ ያልኩት ያንን ይቅርታ ብቻ ነበር።